መቀርቀሪያና ጎረቤት፦ ቤትንና ጥሪትን ከሌባ የመጠበቅ ታሪክ

የሰው ልጅ ከዕለት ጉርሱ የተረፈውን እህል በጎታ፣ ከዓመት ልብሱ የተረፈውን ሸማ በሣጥን ማስቀመጥ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ አንድ ጥያቄ ተለይቶት አያውቅም፤ ይኸውም «እኔ በተኛሁ ወይም ከቤቴ በራቅሁ ጊዜ ይህን ማን ይጠብቅልኛል?» የሚለው ነው። ለጥያቄው የተሰጠው መልስ ከዘመን ወደ ዘመን ተለዋውጧል። አንድ ጊዜ አጥር፣ አንድ ጊዜ ውሻ፣ አንድ ጊዜ መሐላ፣ አንድ ጊዜ ዘበኛ፣ አንድ ጊዜ ቁልፍ ሆኗል። የቁልፍና የአጥር ታሪክ ተራ የዕቃ ታሪክ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ በቅርብ ለመረመረው ሰው ግን አንድ ኅብረተሰብ ማንን እንደሚያምን፣ ማንን እንደሚጠረጥር፣ ጥፋት በደረሰ ጊዜም ካሣውን በማን ትከሻ ላይ እንደሚጭን የሚናገር ታሪክ ነው።

ይህን ታሪክ ለመመልከት አቃቂን የመሰለ ሥፍራ ማግኘት ያስቸግራል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ወደ ደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አቃቂ ከአንድ ምዕተ ዓመት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የገበሬ መንደር፣ የባቡር ጣቢያ፣ ራሷን የቻለች የፋብሪካ ከተማ፣ በመጨረሻም የአዲስ አበባ አንድ ክፍለ ከተማ አካል ሆናለች። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሣር ክዳን ጎጆ፣ ግድግዳው ጭቃ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ ቤት፣ የብሎኬት ቤትና ባለ ፎቅ የጋራ መኖሪያ ተራ በተራ በቅለውባታል። ቤቱ በተለወጠ ቁጥር ሌባው ስልቱን፣ ባለቤቱም መከላከያውን ለውጧል።

ሰርሳሪና ግድግዳ

ቋንቋችን ራሱ የቤቱን ታሪክ ይዞ ይገኛል። በገበያ ግርግር መካከል የሚሰርቀው ኪስ አውላቂ ይባላል፤ በጨለማ ከኋላ አድብቶ የሚመታው ማጅራት መቺ ይባላል፤ ሌሊት ቤት ገብቶ የሚወስደው ግን ቤት ሰርሳሪ ነው። ሰረሰረ ማለት ቀስ እያለ ፈለፈለ፣ ቦረቦረ፣ በሳ ማለት ነው። ስሙ የተገኘው እንግዲህ ከበር ሳይሆን ከግድግዳ ነው። እንጨት በቁም ተተክሎ፣ በማገር ተያይዞ፣ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ የተመረገ ግድግዳ ብርድና ንፋስ ይከለክላል እንጂ የቆረጠ ሰው አይመልስም። በሩ ከውስጥ በመቀርቀሪያ ቢጠረቀምም፣ ሌባው በሩን ትቶ በጓሮ ዞሮ ጭቃውን እየፈለፈለ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ሊከፍት ይችላል።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ነገር አልነበረም። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 ስለ ሌባ ሲደነግግ የሚያነሣው ቤት ቆፍሮ የሚገባውን ሌባ ነው። ሌሊት ሲቆፍር ተመትቶ ቢሞት በገዳዩ ላይ የደም ዕዳ አይኖርም፤ ፀሐይ ከወጣችበት በኋላ ቢገደል ግን ዕዳ አለበት። ወንጌሉም ብል ከሚበላውና ሌቦች ቆፍረው ከሚሰርቁት ሀብት ይልቅ በሰማይ ያለውን መዝገብ እንድንሻ ይመክራል። የጭቃ ቤት በሚሠራበት አገር ሁሉ ሌባ ቆፋሪ ነበር ማለት ነው። በኦሪቱ ድንጋጌ ውስጥ ያለው የሌሊትና የቀን ልዩነትም ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ሌሊት የሚመጣው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ፣ ስለት ይዞ እንደሆነ አይታወቅም፤ ቀን ግን ማንነቱ ይታያል፤ ስለዚህም ሕይወቱን ማትረፍ ይቻላል። ንብረትን የመጠበቅ መብት ወሰን እንዳለው ከጥንት ጀምሮ ታስቦበታል።

ግድግዳው ደካማ ከሆነ ጎጆውን ምን ይጠብቀው ነበር? መልሱ ዓይንና ጆሮ ነው። ዙሪያውን የተተከለው ቁልቋልና የተከመረው የእሾህ አጥር ሌባውን ባያስቀረው እንኳ ያዘገየዋል፤ ውሻው ይጮሃል፤ በቤቱ ውስጥ የታሠረው ከብት ይደነብራል፤ ቤተሰቡ ይነቃል። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ኡኡታ ነው። ኡኡታ የሰማ ጎረቤት ዱላውን ይዞ የመውጣት ግዴታ ነበረበት፤ ሰምቶ የተኛ ሰው በመንደሩ ዘንድ ስሙ ይጎድፋል፤ በራሱ ተራም የሚደርስለት አያገኝም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂል ከፍቅር ብቻ ሳይሆን ከዚህ ዓይነት የሌሊት ልምድም ጭምር የተቀዳ ነው።

ጥሪት የት ይቀመጥ ነበር?

በቀድሞ ዘመን የባለጸጋ ሀብት አብዛኛው የሚታይ ነበር፤ ከብት፣ እህልና መሬት በኪስ ተይዞ አይኬድም። ሊሰወር የሚችለው ጌጣጌጥ፣ ልብስ፣ መሣሪያና ብር ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር ለረጅም ዘመን በአገራችን ዋና መገበያያ ሆኖ ሲያገለግል ጠባቂው አንዱ የራሱ ክብደት ነበር። አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አንድ ሺህ ብር ለመውሰድ የሚፈልግ ሌባ ወደ 28 ኪሎ የሚጠጋ ሸክም መሸከም ነበረበት። እንዲያም ሆኖ ባለ ብሩ ገንዘቡን በማሰሮ አድርጎ ከመደቡ ሥር ወይም ከጓሮው ይቀብረው ነበር። የተቀበረ ብር ከሌባ ይድናል፤ ዳሩ ግን ቀባሪው ምስጢሩን ሳይናገር ቢሞት ከልጆቹም ይሰወራል።

ሁለተኛው መጠበቂያ አደራ ነበር። መንገድ የሚሄድ ነጋዴ ወይም ዘማች ያለውን ለሚያምነው ሰው አደራ ብሎ ይሄዳል። ይህ ሥርዓት ቁልፍ አልነበረውም፤ መዝጊያው ኅሊናና ሐፍረት ነበር። «አደራ በላ» የሚለው ስድብ እስከ ዛሬ ድረስ ክብደቱን አለማጣቱ የዚህን ሥርዓት ብርታት ያመለክታል። ሌባ የማያውቁትን ሰው ንብረት ይወስዳል፤ አደራ በላ ግን ያመነውን ሰው ይከዳል።

ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያንና ገዳም ነበር። የጣና ሐይቅ ደሴቶች፣ በተለይም ዳጋ እስጢፋኖስ፣ የነገሥታትና የአድባራት ንዋየ ቅድሳት በክፉ ቀን የተሸሸጉባቸው ሥፍራዎች መሆናቸው የታወቀ ነው። ውኃው አጥር፣ ቅድስናው ቁልፍ ነበር። ይሁን እንጂ ቅድስና ሁልጊዜ አይከላከልም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበረው ጦርነት የግሸን አምባ ዕቃ ቤት ተዘርፏል። በዘመናችንም በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው የወርቅ መስቀል በቤልጅግ አገር ከአንድ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሷል። በዚህ አጋጣሚ የተገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ለሰረቀው የሚከፍል ገዢ ባይኖር ኖሮ መስቀሉ ባሕር ባልተሻገረ ነበር። ሌባን የሚያኖረው የተሰረቀ ዕቃ የሚገዛው ሰው ነው።

ሌባ ሻይና አውጫጭኝ

ንብረት ከጠፋ በኋላስ? ዘመናዊ የፖሊስ ምርመራ በሌለበት ጊዜ ሌባን ለማግኘት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች ሁለቱ በተለይ የሚጠቀሱ ናቸው።

የመጀመሪያው ሌባ ሻይ ነው። ቃሉ ከምንጠጣው ሻይ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ሻ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን «ሌባ ፈላጊ» ማለት ነው። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይሰጠዋል፤ በወገቡ በታሠረ መቀነት እየተያዘ እየተንገዳገደ በመንደሩ ውስጥ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል፤ የጠፋውንም ዕቃ ይከፍላል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ይህን ሥርዓት በመገረም ጽፈውታል።

ሌባ ሻይ ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ፍርሃቱ ብዙ እጆችን ይመልስ ነበር፤ ልጁ ሳይነሣ የተሰረቀው ዕቃ በሌሊት ተመልሶ በባለቤቱ ደጃፍ የሚገኝበት ጊዜም መኖሩ ይነገራል። ነገር ግን ልጁን የሚመራው ሰው አስቀድሞ የጠረጠረው ወይም የሚጠላው ሰው ቢኖርስ? የሰከረ ልጅ እግሩ ወደ ቀረበው ቤት ቢወድቅስ? በዚያ ቤት የሚኖረው ሰው ለመከላከያ የሚያቀርበው ምስክር የለውም፤ ከሳሹ መድኃኒት ነውና። ከባለቤቱ የተሰረቀው አንድ ዕቃ ነው፤ ከዚያ ንጹሕ ሰው የሚወሰደው ግን ዕቃም፣ ስምም ነው።

ሁለተኛው ዘዴ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ነው። ስርቆት፣ ቃጠሎ ወይም ግድያ ደርሶ አድራጊው ባልታወቀ ጊዜ የአካባቢው ነዋሪ በሙሉ ከሜዳ ላይ ወይም ከዋርካ ሥር ይሰበሰባል፤ የቀረ ሰው ይቀጣል፤ እያንዳንዱም የሚያውቀውን እንዲያወጣ ይማላል። በግልጽ ለመናገር የሚፈራ ሰው ምስጢሩን ለተመረጡ ሽማግሌዎች በስውር የሚያደርስበት መንገድ ነበረው፤ እንዲህ ያለው ጠቋሚ «ወፍ» ይባል ነበር። ጥፋተኛው ካልተገኘ የጠፋውን ንብረት ዋጋ ነዋሪው በሙሉ አዋጥቶ ይከፍላል።

ይህ የጋራ ኃላፊነት የእኛ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1285 የወጣው የዊንችስተር ድንጋጌ በአንድ ወረዳ ውስጥ ዝርፊያ ደርሶ ዘራፊው ካልተያዘ የወረዳው ነዋሪ ተጠያቂ እንዲሆን፣ በከተሞች የሌሊት ዘብ እንዲቆም፣ ኡኡታ የሰማ ሁሉ ሌባውን እንዲያሳድድ፣ በገበያ መንገዶች ግራና ቀኝ 200 ጫማ ያህል ቁጥቋጦው እንዲመነጠር ያዝዝ ነበር። በለንደን የተደራጀ ፖሊስ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። በመካከሉ ባለው ከ500 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ የንብረት ጥበቃ በዋናነት የጎረቤት ሥራ ነበር።

አውጫጭኝ ከሌባ ሻይ የሚሻለው ሸክሙን በአንድ ንጹሕ ሰው ላይ ብቻ ባለመጣሉ ነው። ይሁንና ለደኻው መዋጮው ቀላል አልነበረም፤ ከእርሻ ሥራ ተነጥሎ በተደጋጋሚ ስብሰባ መዋሉም ሌላ ቅጣት ነበር።

ባቡሩ ያመጣው ቁልፍ

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1907 ዓ.ም. አቃቂ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። አቃቂ ለጥቂት ጊዜ የመስመሩ ዳርቻ ሆና መቆየቷ በታሪኳ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። ባቡሩ የሚራገፍ ዕቃ፣ ዕቃው መጋዘን፣ መጋዘኑም ቁልፍና ዘበኛ ይጠይቃል። ቀድሞ በግመልና በበቅሎ ጀርባ በጥቂቱ ይገባ የነበረው ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ማጠፊያና ጓጉንቸር በባቡር በብዛት መግባት ጀመረ። ጓጉንቸር የሚለው ቃል እንቁራሪትንም ቁልፍንም የሚያመለክት መሆኑ የሕዝቡን የስያሜ ጥበብ ያሳያል፤ ሆዱ ጎላ ብሎ በበሩ ላይ ቁጢጥ ያለውን ባዕድ ብረት ያየ ሰው ሌላ ምን ይለዋል?

መቀርቀሪያና ጓጉንቸር ሁለት የተለያዩ ሕይወቶችን ይወክላሉ። መቀርቀሪያ የሚቀረቀረው ከውስጥ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሁልጊዜ ሰው አለ ማለት ነው። ጓጉንቸር የሚንጠለጠለው ከውጭ ነው፤ ቤቱ ባዶ ነው ማለት ነው። ከመቀርቀሪያ ወደ ጓጉንቸር የተደረገው ሽግግር ከገበሬነት ወደ ደመወዝተኛነት የተደረገው ሽግግር ጥላ ነው።

ገንዘቡም ተለወጠ። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ ገንዘብን ከመደብ ሥር አውጥቶ በካዝና የማስቀመጥን ልማድ ለጥቂቶች አስተዋወቀ። እየቆየ የወረቀት ገንዘብ ሲስፋፋ ግን ለሌባው የቀለለ ነገር መጣ፤ 28 ኪሎ የነበረው ሀብት በአንድ ኪስ ገባ።

በብረት ቁልፍ ላይ ሙሉ በሙሉ መተማመን እንደማይቻል ዓለም ቀደም ብሎ ተምሯል። ብራማ የተባለው የእንግሊዝ ቁልፍ ሠሪ ያሠራው ቁልፍ እ.ኤ.አ. ከ1790 ጀምሮ በሱቅ መስኮት ላይ ተሰቅሎ፣ ለሚከፍተው 200 ጊኒ ሽልማት ይሰጣል ተብሎ ከ60 ዓመት በላይ ሳይደፈር ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ጊዜ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት ደክሞ ከፈተው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቁልፍ ከንቱ ነው የሚል አይደለም፤ ቁልፍ የሚሸጠው ጊዜ ነው የሚል ነው። ያ ጊዜ ጥቅም የሚሰጠው ደግሞ በዚያው ጊዜ ውስጥ የሚያይ ዓይን፣ የሚሰማ ጆሮ ካለ ብቻ ነው። ሆብስ 51 ሰዓት ያገኘው አሳዳጅ ስላልነበረው ነው።

ፈረቃ፣ ዘበኛና ቀበሌ

በከተማው የሌሊት ጥበቃ ቀድሞ የአራዳ ዘበኛ ሥራ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ዘመናዊው የፖሊስ ኃይል ተቋቋመ። በአቃቂ በ1950ዎቹ የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ሌሎችም ኢንዱስትሪዎች ሥራ ሲጀምሩ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ በአካባቢው ሠፈረ። ሠራተኛው በፈረቃ ይገባል፤ ቤቱ በቀንም በሌሊትም ባዶ ይሆናል። ጎረቤቱም በሌላ ፈረቃ ነው፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነሣል። ሠራተኛው ያገኘውን ጥቂት ደመወዝ ከጭቃ ግድግዳ ጀርባ ማስቀመጥ አደገኛ መሆኑን ስለሚያውቅ ወደ እቁብ ገባ። እቁብን ብዙ ጊዜ የምናየው እንደ ቁጠባ ዘዴ ነው፤ ከሌባ መከላከያ መሆኑ ግን አይስተዋልም። የእቁብተኛው ገንዘብ በሣጥን ውስጥ አይገኝም፤ በጓደኞቹ መካከል እየተዘዋወረ ነው። ይህ የቀድሞው አደራ በከተማ መልኩ ተመልሶ የመጣበት መንገድ ነው።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ከዚያም በኋላ ነዋሪው በተራ የሚወጣበት የሌሊት ጥበቃ፣ በተለምዶ ሮንድ የሚባለው፣ በየቀበሌው ተስፋፋ። የቀድሞው የጎረቤት ግዴታ በመዝገብ ሰፈረ። ሰዓት እላፊውም ሌሊቱን ባዶ አደረገው። ዳሩ ግን ያ ዘመን ሌላም ትምህርት ጥሎ አልፏል። በ1969 ዓ.ም. ቤት ለቤት በተካሄደው አሰሳና በተከተለው ቀይ ሽብር ጊዜ፣ ጠመንጃ የያዘው ጠባቂ ራሱ በሌሊት በር የሚያንኳኳ አስፈሪ እንግዳ ሆነ። ለሌባ የተሠራው መቀርቀሪያ በዚያ ጊዜ ምንም አልፈየደም። ጠባቂውን የሚጠብቅ ሕግ ከሌለ ጥበቃው ራሱ ቤት ሰርሳሪ ሊሆን ይችላል።

የሕጉ ጉዞ

የአገራችን ሕግ ይህን ወሰን ቀስ በቀስ ሲያበጅ ቆይቷል። በ1923 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም በ1949 ዓ.ም. የወጡት የወንጀለኛ መቅጫ ሕጎች ቅጣትን ከግለሰብ ቁጣ አውጥተው በፍርድ ቤት እጅ አደረጉ። ዛሬ የሚሠራበት በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ተራ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆትን በአንቀጽ 669 ለይቶ ይቀጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1148 ባለይዞታው ንብረቱን የሚነጥቀውን ሰው በኃይል እንዲከላከል፣ ሲሰርቅ ወይም ሲሸሽ ከደረሰበትም ወዲያውኑ እንዲያስጥል ይፈቅድለታል፤ ነገር ግን ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ የኃይል ሥራ እንዳይፈጽም ይከለክለዋል። በኦሪቱ የሌሊትና የቀን ልዩነት ውስጥ የነበረው ሐሳብ በዘመናዊ ቋንቋ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ በማስረጃ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ደነገገ። ለአንባቢ ይህ የተለመደ ቃል ሊመስለው ይችላል፤ የሌባ ሻይን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ግን ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁንና ሕጉ በወረቀት የሻረው ነገር በጎዳና ላይ አልሞተም። «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ሳያጣራ ድንጋይ የሚያነሣ ሰው ዛሬም አለ። ያ ጩኸት በአንድ ንጹሕ መንገደኛ ላይ ቢያርፍ ከሰከረው ልጅ መውደቅ በምን ይለያል? ኡኡታ ሌባውን ለመያዝ እንጂ ለመግደል የተሠራ ሥርዓት አይደለም።

በፎቅ ላይ ያለ መንደር

የዛሬዋ አቃቂ ቃሊቲ መልኳ ሌላ ነው። የቃሊቲ ብረታ ብረት ፋብሪካ ለበርና ለመስኮት የሚሆን ብረት ሲያመርት ኖሯል፤ የቆርቆሮ አጥር፣ ጠርሙስ ስባሪ የተተከለበት የብሎኬት ግንብና የመስኮት ብረት በየሠፈሩ ይታያሉ። በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙ ሺህ ቤተሰቦችን ከልዩ ልዩ የከተማው ክፍሎች አምጥተው በአንድ ደረጃ ላይ አገናኝተዋል። በእነዚህ ቤቶች ግድግዳው አይሰረሰርም፤ በሩም ብረት ነው። ነገር ግን በአንድ ፎቅ ላይ ከሚኖሩት መካከል እርስ በርሳቸው ስም የማይተዋወቁ ይገኛሉ። ዕቃ ተሸክሞ በደረጃው የሚወርደው ሰው ተከራይ ይሁን ሌባ የሚለይ ዓይን ከጠፋ፣ የብረት በሩ የሆብስን 51 ሰዓት ለሌባው ሰጠው ማለት ነው።

ስለዚህ በአዲሶቹ መንደሮች እድር ሲቋቋም፣ ነዋሪዎች ለጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ ሲያዋጡ፣ ደጃፋቸውንና ደረጃቸውን በመብራት ሲያበሩ፣ መንገድ የሚሄደው ለጎረቤቱ «ቤቴን አደራ» ብሎ ሲሄድ፣ አዲስ ነገር እየፈጠሩ አይደለም፤ ጎጆው ያውቀው የነበረውን ጥበብ ወደ ፎቅ እያወጡ ነው። ወርቅንና ብዙ ገንዘብን ከቤት ይልቅ በባንክ ማኖር፣ የዕቃን ደረሰኝና ቁጥር መዝግቦ መያዝ፣ ምንጩ ያልታወቀ ርካሽ ዕቃ አለመግዛት፣ የተጠረጠረን ሰው ለፖሊስ ማስረከብ፣ እነዚህ ሁሉ ከታሪኩ የተገኙ ምክሮች ናቸው።

ከታሪኩ ሁለት ነገር እንማራለን። ሰው ብቻውን የቆመበት ግንብ የቱንም ያህል ቢረዝም ሌባ መሰላሉን ያስረዝማል፤ ጎረቤት ያለው ሰው ግን በዝቅተኛ አጥርም ይተኛል። ሁለተኛውም፣ ንብረትን ለማስመለስ ሲባል የንጹሕን ሰው ስም የሚወስድ ጥበቃ፣ በሌባ ሻይ ይሁን በአሰሳ ወይም በመንገድ ላይ ድንጋይ፣ ራሱ ስርቆት ነው። የጠፋ ዕቃ በሥራ ይተካል፤ በሐሰት የጠፋ ስም ግን በምንም ካሣ አይመለስም። ቤቱን መልካም አድርጎ የጠበቀ ኅብረተሰብ የሚባለው ጥሪቱንም ፍርዱንም ሳያስነጥቅ የሚያድር ነው።